ከአልማዙ ሥር

ጥቅምት 12

ድንቢጤ፣

ሰላምታዬ ከፖስተኛው ብስክሌት ቀድሞ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ ከወንበሬ ጋር ተዛምዶ ልነሳ ስል ሁለቱም አብረው ይጮኻሉ እንጂ ሌላ የሚከፋ ነገር የለብኝም። ሱቄም ያው ከደረጃው ሥር ነች፤ ደንበኛ ሲገባ ከሁለታችን አንዳችን ትንፋሽ መያዝ አለብን። አሁንም የሰው ሐብል እበይዳለሁ፣ የጆሮ ጌጥ ማንጠልጠያ እቀጥላለሁ፣ ቀለበት አሰፋለሁ፣ አጠብባለሁ። ሰው በወፈረና በከሳ ቁጥር አጎትሽ ይበላል።

የጠየቅሽኝን አልሸሽም። እናትሽ ስምሽን አትጠራም። ኤሌክትሪሻኑን ላገባ ነው ብለሽ የጻፍሽላት ቀን «ሚስቱን የፈታ ሰው ሁለተኛም ይፈታል፤ እኔ የለሁበትም» ብላ አፏን ዘጋች፤ እንደዘጋች ናት። ግን ሰማዩ ሲጠቁር በመስኮቷ ታይና «እዚያስ ይዘንብ ይሆን?» ትለኛለች። እዚያ የት እንደሆነ አልጠይቃትም። እሷም አትነግረኝም። በዚህ ተግባብተን እንኖራለን።

ሰውዬሽ አልማዝ ካልገዛሁልሽ ብሎ ማስቸገሩን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። አያቶቻችን በአልማዝ አልታጩም በይው። እኔ እንደምታውቂው ትምህርቴን የለቀምኩት ከአሮጌ መጽሐፍና ከተሰበረ ጌጥ ነው፤ ቢሆንም ይህን ያህል አላጣም። ለብዙ ዘመን አልማዝ የሚለቀመው ከሕንድ የወንዝ አሸዋ ነበር። እንደተገኘ፣ ሳይሞረድ ነበር የሚደረገው፤ ከነካኩት ኃይሉ ይሸሻል ብለው የሚፈሩ ነበሩና። የሚያደርጉትም ነገሥታት እንጂ ሙሽሮች አልነበሩም። ኋላ አልማዝን የሚሞርደው ራሱ አልማዝ ብቻ መሆኑ ተደረሰበት፤ ዱቄቱን በዘይት ለውሰው፣ በሚሽከረከር ብረት ላይ ቀብተው ይሞርዱት ጀመር። ዘመድን ዘመድ ነው የሚበላው እንዲሉ። ከዚያ ብራዚል ተገኘ፣ ከዚያም ደቡብ አፍሪካ፣ ድንጋዩ በዛ። ሲበዛ ሻጮቹ ጨነቃቸውና «ያለ አልማዝ መተጫጨት አይሆንም» ብለው በየጋዜጣው አስነገሩ። ዓለም አመነ። ይኸው የአንቺም ኤሌክትሪሻን አመነ። ምስኪን፣ ሽቦ ሲያይ ጠንቃቃ ነው አልሽኝ፤ ጋዜጣም ይነዝራል በይው።

የአያትሽ የአልማዝ ቀለበት ነገር ግን ቀልድ አይደለም። በእኛ ቤት ያ ቀለበት ከሱቅ አይገዛም፣ በሰው እጅ አይላክም። በሰርጓ ዋዜማ እናት ከራሷ ጣት ታወልቅና በልጇ ጣት ታጠልቃለች፤ በሩ ይዘጋል፣ ወንዶቹ ውጭ እንቆማለን። አያትሽ ለእናትሽ ስታጠልቅላት እኔ በቁልፉ ቀዳዳ ላይ ነበርኩ፤ በጥፊ ተባረርኩ። ውስጥ ምን እንደሚባባሉ እስከዛሬ አላውቅም።

አንድ ነገር ልንገርሽና ልጨርስ። ቀለበቱ አሁን እኔ ጋ ነው። የእናትሽ ጣት አብጦ አልወጣ ብሏት መጣች፤ ጣቷን በክር ጠቅልዬ እያሾርኩ አወጣሁላት። እንዳሰፋው ትታልኝ ሄደች። መሳቢያው ውስጥ ሆኖ እኔን ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ። እናትሽን አናግራታለሁ። ተስፋ አትቁረጪ፣ ተስፋም አታብዢ።

አጎትሽ

*

ኅዳር 9

ጋሼዬ፣

እንደምን አለህልኝ? ወገብህስ? ወንበሩን ቀይረው ብዬህ ነበር።

ቀለበቱ ደረሰኝ። ፖስታው የመጣው ሥራ ቦታ ነው። አብራው የነበረችውን ቁራጭ ወረቀት፣ «እናትሽ ልካልሻለች፣ እንኳን ደስ አለሽ» የምትለዋን፣ መጀመሪያ ቆሜ አነበብኳት፤ ከዚያ ተቀምጬ አነበብኳት። የጥርስ ሐኪሙ መሣሪያ አቀብዪኝ ይለኛል፣ እኔ አልሰማም። አንድ ሰውዬ አፉን ከፍቶ መንጋጋው እስኪነቀል እየጠበቀ ነበር። «ምን ሆነሻል?» አለኝ ሐኪሙ። «እናቴ ታረቀችኝ» አልኩት። ሰውዬው አፉን እንደከፈተ «እንኳ... አአ...» አለ። ሦስታችንም ሳቅን። እሱ እንኳን በዚያ አፍ።

ልኬን ከየት አገኘኸው? ልክክ አለ።

ትናንት መብራት ጠፍቶብን በሻማ ቁጭ ብለን ነበር። ድንጋዩ እንዴት እንደሆነ ብታይ! ነበልባሏን ውጦ ከውስጡ የሚያበራ ነው የሚመስለው። ሰውዬዬ፣ አንተ ኤሌክትሪሻኑ የምትለው፣ እጄን ይዞ አገላበጠና «ሽቦው የታለ?» አለ። ሌላ ቀለበት ልግዛልሽ እንደማይለኝ ማለልኝ።

በእጇ ልታጠልቅልኝ ስላልቻለች እንደላከችው ገብቶኛል። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጉልበቷም እንደ ድሮው አይደለም። ግን ለሰርጉ ትመጣ ይሆን? ይህን ላንተ እንጂ ለሷ አልጽፍም፣ እንዳይከብዳት። ለሷ የምጽፈው ምስጋና ብቻ ነው። ታኅሣሥ ሲገባ እልክላታለሁ።

የቀለበቱ ዙሪያ ላይ፣ በተቀረጸው ጌጥ ስንጥቅ ውስጥ፣ ትንሽ እድፍ አለ። እንዴት ነው የሚጸዳው? በሰርጌ ቀን እንዲያበራ እፈልጋለሁ።

ድንቢጥህ

*

ኅዳር 20

የኔ ድንቢጥ፣

ደብዳቤሽን እንደ ዳኛ ትእዛዝ ሦስቴ አነበብኩት። ደስታሽን አይቼ ደስ አለኝ፣ ደስ አለኝና ደነገጥኩ። ለእናትሽ አልጽፍ በይ። ጽፈሽም ከሆነ አትላኪው። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ፤ እናትሽ ምስጋናን እንደ ነገር ነው የምትቆጥረው። አንድ ጊዜ ለልደቷ መሐረብ ሰጥቻት «አመሰግናለሁ» ማለት ስላስጨነቃት መሐረቡን መለሰችልኝ። ቀስ ብላ እየመጣች ነው እንበል። እስከ ሰርጉ ዝም በይ። ከዚያ ሁለታችሁም አንድ ላይ ታለቅሳላችሁ፣ እኔም ለመሳቅ ጊዜ አገኛለሁ።

መምጣቷን አልጠየቅኳትም። ሲመቸኝ እጠይቃታለሁ።

ልክሽን ከየት አገኘሁት ላልሽው፣ ቀለበት ሠሪ የሰው ፊት ይረሳል እንጂ ጣት አይረሳም።

እናትሽ ለምን እንደዚህ እንደሆነች ድሮ ለጠየቅሽኝ ሥራዬ ላይ ሆኜ መልስ መጣልኝ። ሰው አልማዝ ጠንካራ ነው ሲባል የማይሰበር ይመስለዋል። ድሮ ነጋዴዎች እውነተኛ አልማዝ በመዶሻ አይሰበርም ብለው ያምኑ ነበር አሉ። እየመቱ ይፈትኑት ነበር። ስንቱን እውነተኛ ድንጋይ አድቅቀው «አየህ፣ ሐሰተኛ ነበር» ብለው እንደጣሉት አስቢ! አልማዝ ሁሉን ይጭራል፣ ከአልማዝ በቀር እሱን የሚጭረው የለም፤ ግን በትክክለኛው ጎኑ አንድ ጊዜ ከመቱት ለሁለት ይከፈላል። ጠንካራ ነው እንጂ ቻይ አይደለም። እኅቴን በመጽሐፍ አገኘኋት ማለት ነው። አንቺም ያው የሷ ቁራጭ ነሽ፤ አትሳቂ።

ያንቺ ድንጋይ ደግሞ የጥንት ነው። ከላይ እንደ እምቡጥ ጽጌረዳ ነው የተሞረደው፣ ከታች ጠፍጣፋ ነው፣ ጀርባው በወርቅ የተደፈነ። ዛሬ በሱቅ የምታያቸው እንደ ጥፍር ባሉ የወርቅ ጫፎች ተይዘው፣ ብርሃን ከሁሉም ጎን እንዲገባ ተከፍተው ነው የሚቀመጡት። ያኔ ማታ የሚያበራው ሻማ ነበርና ለሻማ ነው የሠሩት።

ማጽዳቱ ቀላል ነው። አልማዝ ከአልማዝና ከእሳት በቀር የሚፈራው የለም። ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። እናንተ ጋ ደግሞ ብሩሽ ሞልቷል! እንዲያውም ውሃው እየተንቀጠቀጠ መቆንጠጫና መርፌ የሚታጠብበት ገንዳ አለን ብለሽኝ አልነበር? ወደዚያ ክተቺው። ከመንጋጋ መንቀያ ጋር ይታጠብ፤ የተረፈውን እድፍ በፍርሃት ይለቀዋል።

አጎትሽ

*

ታኅሣሥ 6

ጋሼ፣

እንዴት እንደምነግርህ አላውቅም፤ ስለዚህ ዝም ብዬ እነግርሃለሁ። ቀለበቱ ጠፋ። ከእጄ አልጠፋም፤ ድንጋዩ ነው የጠፋው። እያለ ጠፋ።

እንዳልከኝ ገንዳው ውስጥ ከተትኩት። ሳወጣው እድፉ ለቆ ነበር፣ ወርቁ አዲስ መስሎ ነበር። ድንጋዩ ግን የዕቃ ማጠቢያ ውሃ መስሏል። ግራጫ ነው፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለው። ይደርቅ ይሆናል ብዬ ማሞቂያው አጠገብ አሳደርኩት። ጠዋት ባሰበት።

እዚህ አንዲት የጌጥ ሠሪ ወይዘሮ አሉ። ወሰድኩላቸው። በማጉያቸው አዩና «ማነው ውሃ ያስነካው?» አሉኝ። «እኔ» አልኳቸው። ያንተን ስም አላነሳሁም። ድንጋዩ ምንም አልሆነም፣ ከሥሩ ያለው ነው የሞተው አሉኝ። ከሥሩ ምን አለ? ብላቸው ጀርባውን ሊከፍቱ ፈለጉ፤ አልፈቀድኩም። እማዬ ሳታውቅ ማንም አይከፍተውም።

ጋሼ፣ እሷ ከእልኳ ጋር ታግላ፣ ከጣቷ አውልቃ የላከችልኝን ነገር እኔ በአንድ ወር ገደልኩት። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ምስጋናውን ዝም በይ ስላልከኝ ተውኩት፤ ይህን ግን ከሌላ ሰው ከምትሰማ እኔው ልጻፍላት። ሰርጉም ጥር 13 ነው፤ ባዶ ጣት ይዤ ከምታየኝ ቀድማ ትወቅ። ፈቃድህን አልጠይቅህም፤ መልስህን ግን እጠብቃለሁ። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ብቻ ንገረኝ። አንተ ታውቅባታለህ።

ድንቢጥ

*

ታኅሣሥ 17

የእህቴ ልጅ፣

ወይዘሮዋ እውነታቸውን ነው። እኔ ነኝ ያላወቅኩት። ያኔ ሠሪዎቹ ድንጋዩን ከማስቀመጣቸው በፊት ከሥሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ የብር ቅጠል ያነጥፉ ነበር። በሻማ ያየሽው ብርሃን ግማሹ የድንጋዩ፣ ግማሹ የቅጠሉ ነው። ጀርባው የተደፈነው ቅጠሉን አየርና ውሃ እንዳያገኘው ነው። ስንት ዓመት ሲያልፈው ግን ድፍኑ ይሳሳል፣ ውሃ ይገባል፣ ብሩ ይጠቁራል። ይህን ሁሉ አንብቤዋለሁ። የመስታወት ሣጥን ውስጥ ስላሉ የነገሥታት ጌጦች የተጻፈ መስሎኝ ነበር እንጂ፣ በመጽሐፍ ያለ ነገር በእናቴ ጣት ላይ ይኖራል ብዬ አልጠረጠርኩም። ሠላሳ ዓመት የሰው ቀለበት ስከፍት ኖሬ የቤታችንን ግን አንድ ቀን እንኳ ጀርባውን ከፍቼ አላየሁም።

ቅጠሉ ሊተካ ይችላል። ብሩን ቀጥቅጬ አሳስቼ፣ በልኩ ቆርጬ...

ተይው። ከላይ የጻፍኩት ሁሉ መንገድ ማርዘሚያ ነው። ስለ ብር ቅጠል ሌላ ሦስት ገጽ ልጽፍልሽ እችላለሁ፣ እስከ ሰርግሽ ድረስ።

እናትሽ ቀለበቱን አልላከችልሽም።

እኔ ነኝ የላክሁት። አናግራታለሁ ብዬሽ ነበር፤ አናገርኳት። «ጥር ላይ ቀለበቱን ትወስጂላት ይሆን?» አልኳት። «ሰፋ ወይ?» ብቻ አለችኝ። እሷ ስትወጣ መሳቢያውን ከፈትኩ። ሁለታችሁም እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣጥፋችሁ እስከ መቃብር ልትቆዩ ነው፤ አንዷ ቀድማ ብትዘረጋ ሌላዋ ትዘረጋ ነበር። ማንም ስላልዘረጋ እኔ የሁለታችሁንም እጅ ልሁን አልኩ። ቀለበቱን በጣትሽ ልክ አጠበብኩና ያቺን ቁራጭ ወረቀት ጻፍኩ። ቀልድ መስሎኝ ነበር ልልሽ ነበር፤ ቀልድ አልመሰለኝም። ብልሃት ነው የመሰለኝ። ከቀልድ የከፋው እሱ ነው።

ለሷም እስከዛሬ «ብየዳው እምቢ አለኝ፣ ጋዝ አልቆብኛል፣ ነገ ነይ» እያልኩ ነው። ጣቷን በሌላኛው እጇ እየዳበሰች ትመለሳለች።

ስለዚህ የምትጽፊላት ነገር የለም። ቀለበቱን እኔ ላክሁ፣ ገንዳ ውስጥ ያስከተትኩሽ እኔ። ሊነግራት የሚገባ ሰው ካለ እኔው ነኝ። እነግራታለሁ።

ስደቢኝ። ሲሰድቡኝ አውቅበታለሁ። ዝም ስባል ግን አላውቅበትም።

አጎትሽ

*

ታኅሣሥ 28

ለአጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ እንደምን ሰነበቱ?

ቀለበቱን በአደራ ፖስታ ልኬዋለሁ። ሲደርስዎ ለባለንብረቷ ያስረክቡልኝ። እኔ ዘንድ አንድ ወር ከሃያ ቀን ቆይቷል።

ስለ ድንጋዩ አይጨነቁ። ድንጋይ ነው፤ ቅጠሉም ይተካል ብለዋል። እኔ የማዝነው ለዚያ ወር ነው። ቀሚስ ስመርጥ «ይህን ትወደዋለች» እያልኩ ነው የመረጥኩት። አበባውን የመረጥኩት ሽታው እንዳያስነጥሳት ብዬ ነው። ሰውዬዬ ከፊት ወንበር አንዱን የማይነቃነቅ እግር ያለውን ፈልጎ አስቀምጧል፤ ጉልበቷን ስለነገርኩት። ሁሉንም መልሼ ማስተካከል አልችልም፤ ቀሚሱም ያው ነው፣ ወንበሩም እዚያው ይሆናል። እናት አለችኝ ብዬ የኖርኩት ከኅዳር ወዲህ ነበር።

እሷ እንደማትመጣ ድሮ ለምጄው ነበር። የለመድኩትን ነገር ነው የወሰዱብኝ። አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ማጣት እንዴት እንደሆነ አልተማርኩም።

በጎ አስበው እንዳደረጉት አውቃለሁ። ባላውቅ ይቀለኝ ነበር።

የእህትዎ ልጅ

*

ጥር 14

ድንቢጤ፣ እንዲህ ብዬ ልጥራሽ ፍቀጂልኝ፤

ደብዳቤሽን ከማንበቤ በፊት «እርስዎ» የሚለውን አየሁት። ስድብ ለምኜሽ ነበር፤ አንቺ አከበርሽኝ። ተቀብያለሁ።

ትናንት ሰርግሽ ነበር። እንኳን ደስ አለሽ። ይህን ለመጻፍ ከጠዋት ጀምሮ እየቆራረስኩ ነው፤ በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

ቀለበቱ በደረሰኝ ዕለት እናትሽን ሱቅ አስጠራኋት። መጀመሪያ ወንበር ሰጠኋት፣ ቀጥሎ ቀለበቱን ሰጠኋት፣ ቀጥሎ ሁሉንም ነገርኳት። መዶሻውን ራቅ አድርጌ ነበር፣ ለማንኛውም። አልጮኸችም። ቀለበቱን መዳፏ ላይ አድርጋ ብዙ አየችው። ድንጋዩ እንደጻፍሽው ነው፤ የታመመ ዓይን ይመስላል።

«ሲደርሳት ደስ አላት?» አለችኝ።

እኔ ስለ ድንጋዩ ነበር መልስ ያዘጋጀሁት።

«ደስታዋ ሥራዋን አስረሳት፤ መንጋጋው የሚነቀል ሰውዬ ሳይቀር እንኳን ደስ አለሽ ብሏታል» አልኳት።

«እናቴ ላከችልኝ ብላ?»

«እናቴ ታረቀችኝ ብላ።»

መስኮት በሌለው ሱቅ ውስጥ መስኮት የምትፈልግ ይመስል ግድግዳውን አየች። «ማነው በውሃ እጠቢው ያላት?» አለች።

«እኔ።»

«አንተ አታውቀውም። እናቴ በሩን ዘግታ ስታጠልቅልኝ በጆሮዬ ያለችኝ አንድ ነገር ነው፦ ውሃ አታስነኪው። ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ዕቃ ሳጥብ አውልቄ መደርደሪያ ላይ ሳስቀምጠው ምን ትለኝ ነበር?»

«ውሃው እንዳይጠጣልሽ ነው ወይ? እልሽ ነበር።»

«ትስቅ ነበር።»

እስቅ ነበር፣ ድንቢጤ። የዘመኑን የጌጥ መጽሐፍ ሁሉ ሳሳድድ፣ ከዚያ በር ውስጥ የተባለችውን አንዲት ቃል አልሰማሁም፤ የሰማች ሰው አጠገቤ እየኖረች ደግሞ አሾፍኩባት።

ሂጂ አልኳት። ጊዜ አለ፣ አውቶቡሱ ይደርሳል፣ እኔም ሱቁን ዘግቼ አደርስሻለሁ አልኳት። «ምን ብዬ? በአንተ ውሸት ተጠርቼ?» አለች። «በእውነት ወንበር አስቀምጠውልሻል» አልኳት። ተነሥታ ወጣች። እስከ ሰርግሽ ዋዜማ ደጇን አንኳኳሁ። አንድ ጊዜ ሻንጣ አልጋው ላይ ተከፍቶ አይቻለሁ። በማግስቱ ተዘግቶ ከቁምሳጥኑ ላይ ነበር። ባዶ ይሁን ሙሉ አላውቅም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሱቅ መጣች። የክት ልብሷን ለብሳለች፣ ጫማዋን አስወልውላለች። ቀለበቱ ትንሿ ጣቷ ላይ ነው፤ ያንቺ ልክ ስለሆነ ሌላው ጣት ላይ አልገባ ብሏት። ደንበኛ መጥቶ «ሰርግ አለ እንዴ?» አላት። «አዎን» አለችው። ሌላ ምንም አላለችውም። «ይህን ጊዜ ጨርሰዋል?» አለችኝ፤ «ገና እየገቡ ይሆናል» አልኳት። ቆየት ብላ ደግሞ ጠየቀችኝ። እንዲህ እየተጠያየቅን መሸ። ቅጠሉን ልተካልሽ፣ ብሩ ተዘጋጅቷል ብላት ጣቷን ጨበጠች። «እንዲህ እንዳለ ይቆይ» አለች።

ልትሄድ ስትነሳ «ጻፍላት» አለችኝ። ምን ብዬ? ስላት ነገረችኝ። ብዕሩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። «እትዬ፣ ከእንግዲህ አንቺ አልሽ ብዬ ብጽፍላት አታምነኝም። እኔ አንድ ጊዜ ባንቺ ስም ጽፌያለሁ» አልኳት። ተናዳ አየችኝ። መነጽሬን ከዓይኔ ላይ ነጥቃ አደረገች፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ እንኳ አልጮኸባትም። ከዚህ በታች ያያዝኩት ወረቀት የሷ እጅ ነው። መስመሩ ወደ ታች የወረደው መነጽሩ የኔ ስለሆነ ነው። እኔ አልጨመርኩበትም።

አጎትሽ

ልጄ፣
ቀለበቱን እኔ አልላክሁልሽም። ምነው ልኬ በነበር እያልኩ ነው። ውሃ አስነካሁት ብለሽ አትዘኚ። መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አጠገብሽ አልነበርኩም።
እናትሽ